እንጨት አይደለም፣ ውሃ ነው

አደራውን የተቀበልኩት በ2008 ዓ.ም. ነው። ከታችኛው ፎቅ የነበሩት ጎረቤታችን አሜሪካ ልጆቻቸው ጋ ጠቅልለው ሲሄዱ ዕቃቸውን አከፋፈሉ። ቡፌው ለእህታቸው፣ ፍሪጁ ለሠራተኛቸው፣ በረንዳ ላይ የነበረው አበባ ለእኔ። አበባ እንላለን እንጂ ያኔ አንድም ቀን አብቦ አይቼው አላውቅም ነበር። በሃያ ሊትር የቀለም ባልዲ ውስጥ የቆመ፣ ቁመቱ አንድ ሜትር የሚጠጋ፣ ግንዱ የእጅ አንጓዬን የሚያህል፣ ቅጠሉ ወፍራምና ዘይት የተቀባ የሚመስል ድንክ ዛፍ ነገር ነው። "አደራ፣ ውሃ እንዳታሳጣት" አሉኝ እትዬ።

እኔም አላሳጣኋትም። ጉዱ የጀመረው እዚያ ጋ ነው።

ያኔ ስሙን እንኳ አላውቅም። ፎቶውን በስልኬ ይዤ መንገድ ዳር ያለ ችግኝ ሻጭ ጋ ሄድኩና ምን እንደሚባል ጠየቅኩት። አየት አደረገና "የውጭ አበባ ነው" አለኝ። ፈረንጆቹ ጄድ ይሉታል፣ የሳይንስ ስሙ ክራሱላ ኦቫታ ነው። "የውጭ" የተባለውም ያን ያህል ሩቅ አይደለም፣ አገሩ ደቡብ አፍሪካ ነው። ኢስተርን ኬፕና ክዋዙሉ ናታል ውስጥ ድንጋያማ ተዳፋት ላይ በራሱ ይበቅላል፣ ሞዛምቢክም አለ። የአካባቢው የኮይ ሰዎች ድሮ ሥሩን ፈቅፍቀው፣ ቀቅለው፣ ከረጋ ወተት ጋር ይበሉት ነበር። እኛ አገርም ዘመድ አለው፣ እንዳሁላ። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ የሁለቱንም ቅጠል ሰብራችሁ ብታዩ ዝምድናው ቶሎ ይገባችኋል።

በነገራችን ላይ፣ ቅጠሉ ትንንሽ ግንዱ ቀላ ያለ ሌላ ተክል ጄድ ተብሎ ሲሸጥ ካያችሁ እሱ ስፔክቡም ነው። እሱም የደቡብ አፍሪካ ነው፣ ዝሆን የሚግጠው፣ ግን ቤተሰቡ ሌላ ነው።

ወደ ባልዲው ልመለስ። እትዬ "ውሃ እንዳታሳጣት" ሲሉኝ እኔ የሰማሁት "በየቀኑ አጠጣት" ብዬ ነው። እማዬ ደግሞ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ትጨምርበታለች። "ይሄ ምስኪን ተጠምቷል እኮ፣ አንተ ልጅ አንጀት የለህም?" ትልና አንድ ጆግ ትደፋበታለች። ቡና ከተፈላ የጀበናው አተላ የሚገለበጠው እዚያው ነው። ባልዲው ከሥሩ አንዲት የሚስማር ቀዳዳ ነበረችው፤ በኋላ ሳየው እሷም በአተላና በጭቃ ተደፍናለች። ይህ ሁሉ ሆኖ ሦስት ዓመት ቆየ። የሚገርመው መቆየቱ ነው።

ሐምሌ 2011 ላይ ዝናቡ ከነነፋሱ በረንዳ ውስጥ እየገባ አንድ ሳምንት ሙሉ ጣለ። አንድ ጠዋት ከመኝታ ቤት ሆኜ ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዝናብ መስሎኝ ነበር። ስወጣ ቅጠሉ ነው የሚረግፈው። ቢጫ ሆኖ፣ ፊት ለፀሐይ ስትይዙት ብርሃን የሚያሳልፍ፣ በጣት ስትጫኑት ውሃ ሆኖ የሚፈርስ ቅጠል። እና እኔ ምን አደረግኩ? ተጠማ ብዬ አጠጣሁት።

በሦስተኛው ቀን ግንዱን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ጣቴ ገባ። እንጨት ብዬ የማስበው ነገር ውስጥ ጣቴ እንደ በሰለ አቮካዶ ሰመጠ፣ ሽታው ደግሞ ከጆንያ ሥር የተረሳ ድንች ነው።

የዚያን ቀን ነው ነገሩ የገባኝ። ይህ ተክል እንጨት ይመስላል እንጂ እንጨት አይደለም። ቅርፊቱ ቡናማ ነው፣ ይሸበሸባል፣ እንደ ወረቀት እየተላጠ ይነሳል፣ ዕድሜ ያለው ዛፍ ነው ብላችሁ ትምላላችሁ። ቢላ ስታስገቡበት ግን እንደ ካሮት ነው የሚቆረጠው። ውስጡ አረንጓዴ ነጭ፣ እርጥብ፣ ለስላሳ። ግንዱ የውሃ ታንከር ነው፣ ቅጠሉ የውሃ ከረጢት ነው፣ በሽታውም ሞቱም የሚመጣው በውሃ ነው። ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ነገር በሙሉ፣ አጠጣጡም አቆራረጡም አፈሩም፣ ከዚህ የሚወጣ ነው።

ቢላዋን በአልኮል ጠርጌ ከባልዲው ጠርዝ ትንሽ ከፍ ብዬ ግንዱን ቆረጥኩት። መሃሉ ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው ቡናማ ክብ አለ። መበስበሱ ወደ ላይ ወጥቷል ማለት ነው። አምስት ጣት ያህል ከፍ ብዬ ደገምኩት፣ ክቡ ጠበበ እንጂ አልጠፋም። ሦስተኛው ላይ ንፁህ ሆነ። እዚህ ጋ መሳሳት የለም፣ የስፒል ጫፍ የምታህል ቡናማ ነጥብ ከቀረች ተመልሳ ሁሉንም ትበላዋለች። አንድ ሜትር ከሚጠጋው ዛፍ አርባ ሳንቲሜትር የማትሞላ አናትና ሰባት ቅርንጫፍ ተረፈኝ።

ማታ እትዬ በቪዲዮ ደወሉ። "አበባዬ እንዴት ናት?"

"ደህና ናት" አልኩ፣ ስልኩን ወደ ኮርኒሱ አዙሬ።

የተቆረጠ ጄድ ወዲያው አይተከልም። ቁስሉ ሳይደርቅ እርጥብ አፈር ከነካ መበስበሱ እንደገና ይጀምራል። አናቷን ወጥ ቤት ቁምሳጥን ላይ፣ ፀሐይ የማያገኛት ግን አየር የሚነፍስበት ቦታ፣ ሁለት ሳምንት አጋደምኳት። ቀጫጭኖቹ ቅርንጫፎች በአምስት ስድስት ቀን ጠገጉ፤ ወፍራሙ ግንድ ግን ጊዜ ይፈልጋል፣ የቆረጣችሁበት ፊት እንደ ደረቀ ዳቦ ጠንከር እስኪል ድረስ። ውሃ ሳታገኝ ያን ሁሉ ጊዜ ቆይታ ቅጠሏ ትንሽ ከመሸብሸብ ሌላ ምንም አልሆነችም። ታንከሩ አብሯት አለ።

አፈሩን በተመለከተ፣ የኔ ሰፈር አፈር መረሬ ነው። ሲረጥብ ሊጥ፣ ሲደርቅ ሲሚንቶ። ለጄድ ከዚህ የባሰ የለም። የውጭዎቹ በየቪዲዮው ፑሚስ፣ ፑሚስ ሲሉ ስሰማ ከየት አባቴ ላምጣ ስል ከረምኩ። ለካ ከቤቴ አምስት ደቂቃ ርቀት ላይ ተከምሮ ነበር። ብሎኬት የሚሠራው በፑሚስ አይደል እንዴ! ስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራው የተፋው ያ ቀላል፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ድንጋይ። ብሎኬት ማምረቻው ጋ ሄጄ ፑሚስ ፈልጌ ነበር ስለው ልጁ "ስንት ሲኖ?" አለኝ። አንድ ፌስታል ስል ጓደኞቹን ጠርቶ አሳየኝ። ብር ግን አልተቀበለኝም።

ቤት ወስጄ በወንፊት ነፋሁት፣ ዱቄቱ ውሃ ስለሚይዝ መውጣት አለበት። ሁለት እጅ ፑሚስ፣ አንድ እጅ አፈር፣ ከላይ እፍኝ የበሰለ ኮምፖስት። ውሃ ስታፈሱበት ወዲያው ከሥር ካልወጣ ፑሚስ ጨምሩ። ድንጋዩ በቀዳዳዎቹ ትንሽ እርጥበት ይይዛል፣ በመሃል ደግሞ አየር ያስገባል፣ ሥሩ የሚፈልገው ሁለቱንም ነው። አናቷን በዚህ ድብልቅ ላይ አቆምኳት፣ እንዳትወድቅ በድንጋይ ደገፍኳት፣ አላጠጣሁም። በአምስተኛው ሳምንት ቀስ አድርጌ ስባት ያዝ አደረገችኝ። ሥር ሰዳለች። ያኔ ነው የመጀመሪያውን ውሃ ያገኘችው።

ስለ ውሃ አንድ ነገር ልጨምርና ልተወው። እኛ አትክልት ቀን ቀን የሚተነፍስ ይመስለናል። ይህ ቤተሰብ ግን በቀን የቅጠሉን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ዘግቶ፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከፍቶ አየር ያስገባል፤ እንዲህ ሲያደርግ ውሃው በትነት አይባክንበትም። ሌሊት የሰበሰበውን በአሲድ መልክ ያስቀምጥና ቀን ፀሐይ ሲወጣ ምግብ ይሠራበታል። ቤንጃሚን ሄይን የሚባል ሰው ህንድ አገር ሆኖ የእንዳሁላን የቅርብ ዘመድ ቅጠል ጠዋት ሲቀምሰው ኮምጣጣ፣ እኩለ ቀን ላይ ግን ጣዕም የለሽ ሆኖበት ይህንኑ የጻፈው ደብዳቤ በ1815 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሳይንቲስቶች አሠራሩን በዚህ ቤተሰብ ስም ነው የሚጠሩት። የኔን ግን አትቅመሱት፣ በተለይ ድመትና ውሻ ያላችሁ አርቃችሁ አስቀምጡት፣ ያሳምማቸዋል።

እና መቼ ነው የሚጠጣው? ቅጠሉን በሁለት ጣት ያዙት። ጠንከር ካለ፣ ካልታጠፈ፣ አልተጠማም። ሳሳ ካለና ድምቀቱ ጠፍቶ ትንሽ ከተሸበሸበ አጠጡት፣ ሲጠጣ ደግሞ ከሥር እስኪወጣ ይጠጣ። እኔ ጋ በበጋ በሁለት በሦስት ሳምንት አንዴ ነው። ክረምት ከገባ ወደ ውስጥ አስገባዋለሁ፣ ውሃም ከሞላ ጎደል የለም። እማዬ አሁንም አንጀት የለህም ትለኛለች።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፣ ወደ ቅርፁ።

አናቷ ሥር ከያዘች በኋላ አንድ ዓመት ዝም ብዬ ተውኳት። መቁረጥ ፈራሁ፣ አንዴ የቆረጥኩት በቂ መስሎኝ። ምን ሆነች? ሁለት ቅርንጫፍ ብቻ እንደ ግመል አንገት ረዝሞ ወደ መስኮቱ ተንጋደደ። አንደኛው ጥፋት የተተከለችበትን ድስት አለማዞሬ ነው፣ አሁን በየሳምንቱ ሩብ ዙር አዞረዋለሁ። ሁለተኛው ጥፋት አለመቁረጤ ነው።

ግንዱን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ቅጠል የነበረበት ቦታ ሁሉ ዙሪያውን ቀጭን መስመር አለ፣ እንደ ቀለበት። ከቀለበቱ በላይ ጥቂት ሚሊሜትር ትታችሁ ቁረጡ። የተረፈችው ጉቶ በራሷ ትደርቅና እስከ ቀለበቱ ወርዳ ትረግፋለች፣ አትጎትቷት። ከሳምንታት በኋላ ከቀለበቱ ግራና ቀኝ ሁለት አረንጓዴ ነጥቦች ብቅ ይላሉ፣ የጤፍ ፍሬ እንኳ አያካክሉም። እነሱ ናቸው አዲሶቹ ቅርንጫፎች። አንዱ ቅርንጫፍ እንደ ባላ ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት እነዚያን ስትቆርጡ አራት፣ ከዚያ ስምንት።

ይህን ካወቅኩ በኋላ እንኳ ባላው አንዳንዴ ወደ ግድግዳው፣ አንዳንዴ ወደ መሃል ሲያፈነግጥብኝ አንድ ዓመት አቃጠልኩ። መልሱ ቅጠሉ ላይ ነበር። የጄድ ቅጠል ጥንድ ጥንድ ነው የሚወጣው፣ እያንዳንዱ ጥንድ ደግሞ ከበታቹ ካለው ጥንድ ጋር መስቀል ይሠራል። አንደኛው ጥንድ ግራና ቀኝ ካየ፣ ቀጣዩ ፊትና ኋላ ነው የሚያየው። አዲሱ ቅርንጫፍ የሚወጣው ቅጠሉ ከነበረበት ብብት ስለሆነ፣ ባላው የሚከፈተው ቅጠሎቹ ወደሚያዩበት አቅጣጫ ነው። ግራና ቀኝ እንዲከፈት ከፈለጋችሁ ግራና ቀኝ ከሚያየው ጥንድ በላይ ቁረጡ። በቃ። አንድ ቀለበት ከፍ ወይም ዝቅ ማለት የዛፉን መልክ ይለውጠዋል። ይህን የነገረኝ ሰው የለም፣ አንድ እሁድ ከሰዓት ቡናዬን ይዤ ቁጭ ብዬ ሳፈጥበት ነው የገባኝ፣ ቡናው ቀዘቀዘ።

ሽቦ ሞክሬያለሁ። ጃፓኖቹ ጥድ ላይ ሲጠመጥሙ አይቼ፣ የመብራት ሽቦ ልጬ ቅርንጫፉን ጠምጥሜ አጎነበስኩት። ሽቦው ውስጥ ገብቶ ቆዳውን አረሰው፣ ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ፤ ሌላኛው ቅርንጫፍ ደግሞ ቀጭ ብሎ እጄ ላይ ቀረ። ውሃ የተሞላ ነገር አይጎነበስም፣ ይሰበራል። ስለዚህ እኔ የምቀርፀው በምላጭ ብቻ ነው። የተዘነበለ ቅርንጫፍ ቀና እንዲል ከፈለግኩ ጫፉን እቆርጥለታለሁ፣ ቅጠሉ ከባድ ስለሆነ ሸክሙ ሲቀልለት ትንሽ ይነሳል።

የሠራሁት ትልቁ ስህተት ግን ችኮላ ነው። የታች ቅርንጫፎቹን በሙሉ ባንድ ቀን አነሳኋቸው፣ ግንዱ ራቁቱን ወጥቶ ዛፍ እንዲመስል። መሰለም፣ ለአንድ ወር። ከዚያ አናቱ እየከበደ ሄደ፣ ግንዱ ባለበት ቆመ። ግንድ የሚያወፍሩት የታች ቅርንጫፎች ናቸው። አያምሩም፣ ይሁን፣ አንድ ሁለት ዓመት ይቆዩና ሥራቸውን ሲጨርሱ አንድ በአንድ ይነሱ።

ምን ዓይነት ዛፍ እንዲመስል ትፈልጋላችሁ? ይሄ የየሰው ነው። ጥድ ለማስመሰል የሚታገሉ አያለሁ፣ በኔ ዓይን አያምርበትም፣ እንዲህ ዓይነት ድቡልቡል ቅጠል ይዞ ጥድ መሆን አይቻልም። እኔ የምሠራው ዋርካ ነው። ወፍራም አጭር ግንድ፣ ሰፊ ጥላ፣ ከሥሩ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት። አንድ ጓደኛዬ ምስሉ ይሟላ ብሎ ከሥሩ የፕላስቲክ በግ አስቀምጦልኛል። አላነሳሁትም።

በጉ የቆመበት ድስት ሸክላ ነው፣ ያልተቀባ፣ እንደ ገበቴ ሰፋ ብሎ ጥልቀት የሌለው፣ ከሥሩ ሦስት ቀዳዳ ያለው። አናቱ ከባድ ስለሆነ ፕላስቲክ አይችለውም፤ ነፋስ አንዴ ገልብጦብኝ ሁለት ቅርንጫፍ ቀጥፎልኛል። የወደቁትንም ተከልኳቸው። በትውልድ አገሩም እንዲሁ ነው፣ የተሰበረ ቅርንጫፍ የወደቀበት ቦታ ሥር ይሰዳል።

ነጭ ነገር ስታዩ አትደንግጡ፣ መጀመሪያ ለዩት። እንደ ጥጥ ሆኖ በቅጠሉ ብብት የተሸጎጠ ከሆነ ተባይ ነው፣ በሰባ ፐርሰንት አልኮል የተነከረ የጆሮ ጥጥ ይበቃዋል። ቅጠሉ ላይ በሥርዓት የተረጨ ነጭ ነጠብጣብ ከሆነ ግን ተባይ አይደለም። ቅጠሉ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ያወጣው ውሃ ሲደርቅ የተወው ጨው ነው። እኔ በ2013 ከኮሮና የተረፈ ሳኒታይዘሬን ሁለት ወር ሙሉ ጨው ስጠርግበት ጨረስኩት።

ብርድም አለ። ደብረ ብርሃን ያለች ዘመዴ የሰጠኋትን አንድ ሌሊት ደጅ ረስታው ውርጭ መታው፣ ጠዋት የተቀቀለ ስፒናች መስሎ አደረ። ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ነዋ። አዲስ አበባ በረንዳ ላይ ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ይጠቅመዋል። ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ብርድ ሲሆን የቅጠሉ ጠርዝ በቀጭን ብዕር የተሰመረበት ይመስል ይቀላል።

አበባው ነገር ደግሞ ይኸውላችሁ። እትዬ ጋ አላበበም፣ እኔ ጋም ዓመታት አላበበም። ቆይቼ ስመረምር ሁለት ምክንያት አገኘሁ። አበባው የሚወጣው ከቅርንጫፍ ጫፍ ነው፤ እኔ ደግሞ በየዓመቱ ክረምቱ ወጣ ብዬ ጥቅምት ላይ ጫፍ ጫፉን እቆርጣለሁ። አበባውን ሳይወለድ እያጨድኩት ነበር። ሁለተኛው አምፖሉ ነው። ጄድ ለማበብ ረጅም ጨለማና ቀዝቃዛ ሌሊት ይፈልጋል፣ የኔ በረንዳ መብራት ግን ለሌባ ተብሎ ሌሊቱን ሙሉ ይበራል። አምፖሉን ነቀልኩ፣ መቁረጡን ወደ የካቲት አዛወርኩ። ታኅሣሥ ላይ ጫፎቹ ላይ ነጭ፣ ጠርዛቸው ሮዝ የነካቸው፣ አምስት ቅጠል ያላቸው ትንንሽ ኮከቦች ፈነዱ። አራተኛ ፎቅ ላይ ንብ መጣ።

ያን ቀን እኔ ነኝ የደወልኩት። እትዬ አይተው ጮኹ። "ለእኔ አላበበችም እኮ! አሥራ ሁለት ዓመት!" ከዚያ ዝም ብለው አዩና "ባልዲዋስ? ምነው አጠረች?" አሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ሐምሌውን፣ ጣቴ የገባበትን፣ ኮርኒሱን። ትንሽ ቆዩና "እኔም እኮ በየቀኑ አላልኩህም" አሉኝ።

ባለፈው ወር ራሳቸው ደወሉ። እዚያ አንድ ሱቅ ውስጥ ጄድ ተብላ ስትሸጥ አግኝተው አንዲት ትንሽ ገዝተዋል። መስኮታቸው ላይ የሚያምር የሸክላ ኩባያ ውስጥ አስቀምጠዋታል፣ ወርቃማ ጠርዝ ያለው። ስልኩን አስጠግተው አሳዩኝ። የታችኛው ቅጠሏ ቢጫ ብሏል።

"እትዬ፣ ኩባያው ከሥሩ ቀዳዳ አለው?"

"ቆይ" አሉና ስልኩን አስቀመጡት። ኮርኒሳቸው ይታየኛል። ውሃ ሲንጠፈጠፍ ይሰማል፣ ረጅም ጊዜ።